በሐዋሳ ዙሪያ ካለ የገበሬዎች ማኅበር አውራ ፍየል መግዛት ያዋጣል?

በሐዋሳ ዙሪያ ያሉ አነስተኛ አርሶ አደሮች ካቋቋሙት አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለርቢ የሚሆን ወጠጤ ገዝቼ በመንጋዬ ውስጥ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። ማኅበሩ የሚያቀርበው የተዳቀለ ፍየል ሳይሆን አባላቱ በየደጃቸው ከሚያረቡት የአርሲ ባሌ ፍየል መካከል ተመዝግቦና ተመዝኖ የተመረጠውን ነው። ዋጋው በከተማው የከብት ገበያ ከሚገኝ እኩያው ከፍ ስለሚል፣ ጭማሪው ለምን እንደሚከፈል አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

በገጠር ቤት ፈጥኖ ያደገ ወጠጤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ቀድሞ ይሸጣል፤ ገዢ ያጣው ቀጫጫ ደግሞ ከመንጋው ጋር ቀርቶ የሚቀጥለው ትውልድ አባት ይሆናል። ማንም አስቦ ባያደርገውም ዝርያው በዚህ መንገድ ከዓመት ዓመት ያንሳል። ማኅበሩ ይህንን የሚያስቀረው በተዘዋዋሪ ፈንድ (ከሽያጭ ተመልሶ እንደገና ለግዢ በሚውል ገንዘብ) ሲሆን፣ በስድስት ወራቸው ክብደታቸው የተሻለ ሆኖ የተገኙትን ወጠጤዎች ከበዓል ነጋዴ ቀድሞ ከባለቤቶቻቸው ይገዛል፤ ዓመት ገደማ ሲሞላቸውም ገበሬዎቹ ከመካከላቸው የመረጡት ኮሚቴ ቁመናቸውን፣ እግራቸውን፣ ቀለማቸውንና የዘር ፍሬያቸውን ተመልክቶ ለአውራነት የሚቀሩትን ይለያል። አሠራሩ በ2009 እ.ኤ.አ. ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የግብርናና የእንስሳት ምርምር ተቋማት፣ እንዲሁም በቪየና የሚገኘው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ጋር በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ላይ ከጀመሩት የመጣ ነው፤ በኋላም በአበርገሌና በኮንሶ ፍየሎች ላይ ተሠርቶበታል። ከዚያ ቀደም የነበረው ሐሳብ የውጭ ደም ማስገባት ነበር፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተጀመረው ፋርም አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት የወተት ፍየል ፕሮጀክት አንግሎ ኑቢያን የተባለውን የውጭ የፍየል ዝርያ ከአገሬው ፍየል ጋር ማዳቀሉ ይታወሳል። በጫት ገረባና በእንሰት ቅጠል ለሚያድር የእኛ ሰፈር መንጋ ግን፣ ከዚሁ መኖ ላይ አድጎ የተመረጠ ወጠጤ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሁሉ የወደድኩት ከወጠጤው ጋር የሚሰጠውን ካርድ ነው። በካርዱ ላይ የጆሮ ቁጥሩ፣ የአባቱና የእናቱ ቁጥር፣ የተወለደበት ቀን፣ የልደት፣ የሦስት ወርና የስድስት ወር ክብደቱ፣ እንዲሁም እናቱ ስንት ጊዜ ወልዳ ስንት ግልገል እንዳሳደገች ሰፍሯል። ገዢዎች ብዙውን ጊዜ የሚያዩት የስድስት ወሩን ክብደት ብቻ ነው፤ ይህ ያሳስታል። መንታ የተወለደ ግልገል የእናቱን ወተት ተካፍሎ ስለሚያድግ በአንድ ዕድሜ ከነጠላው ሊቀልል ይችላል፤ እንዲሁም በመጀመሪያ ወሊድ ወይም መኖ በሚያጥርበት በጋ የተወለደው ይቀንሳል። ክብደቱ ብቻ ከታየ መንታ የሚወልዱ እናቶች ልጆች እየተጣሉ ይሄዳሉ፤ ሥጋ ፍለጋ ተብሎ መንታ ወላጅነት ይጠፋል ማለት ነው። ማኅበሩ ነጠላ ወይም መንታ መሆኑን ከክብደቱ ጎን መጻፉ ስለዚህ የሚያስመሰግነው ሲሆን፣ እኔም ከቀረቡልኝ ሁለት ወጠጤዎች የቀለለውን መንታ መርጫለሁ። የጽሕፈቱ ጥራት ግን ደካማ ነው፤ በእኔ ካርድ ላይ የሦስት ወሩ ክብደት ቦታ ባዶ ነበር፣ መዝጋቢው ሲጠየቅም በቂ ምክንያት አላቀረበም።

በጤና በኩል የፒፒአር (በግና ፍየልን የሚገድል ተላላፊ በሽታ) ክትባት የተሰጠበት ቀን ተመዝግቧል። ውርጃ የሚያስከትለው ተላላፊ በሽታ፣ የብሩሴሎሲስ፣ የደም ምርመራ ውጤት ግን አልተያያዘም፤ አንድ አውራ ብዙ እናቶችን የሚያጠቃ (የሚሰርር) በመሆኑ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ገዢው ምርመራውን ራሱ ቢያስደርግና ወጠጤውን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከመንጋው ለይቶ ቢያቆየው መልካም ነው። መጓጓዣውም በገዢው ነው።

አገልግሎቱን ለሁሉም ሰው አልመክረውም። ፍየሎቹ በወል ግጦሽ ላይ ከጎረቤት መንጋ ጋር የሚውሉ ሰው፣ ጎረቤቶቹ ያልተመረጡ ወጠጤዎቻቸውን ለማስኮላሸት ወይም ለመሸጥ ካልተስማሙ፣ እናቶቹን የሚያጠቃቸው የትኛው እንደሆነ አያውቅም፤ የከፈለው ጭማሪም በከንቱ ይቀራል። አንድ አውራ ከ25 እስከ 30 ለሚደርሱ እናቶች የሚበቃ በመሆኑ፣ ሦስትና አራት ፍየል ያላቸው ቤተሰቦች በአንድነት ቢገዙት ዋጋውም ይቀልላል፣ ቁጥጥሩም ይጸናል። ከአምስት ወር ገደማ እርግዝና በኋላ የሚወለዱት ሴት ግልገሎች ደግሞ ዓመት ሳይሞላቸው ለጥቂ ሊደርሱ ስለሚችሉ፣ አባታቸው መልሶ እንዳያጠቃቸው በጊዜው ወደ ሌላ መንደር መዛወር አለበት። ማኅበሩ ወጠጤውን በዚያን ጊዜ ተቀብሎ ዝምድና በሌለው ሌላ አውራ እንደሚለውጥ በቃል ያስታውቃል፤ ሆኖም በሽያጭ ውሉ ላይ ይህንን የሚገልጽ አንቀጽ የለም፤ የዕድሜ ወሰኑና የዋጋ ልዩነቱ አሸፋፈንም አልተጻፈም። አዲስ ገዢ ከመፈረሙ በፊት እነዚህ ሁሉ በውሉ ላይ እንዲገቡለት አጥብቆ ይጠይቅ።