ስምንት ወር ከፉባር2000 ጋር

ፉባር2000 የሚባለውን የኮምፒውተር ሙዚቃ ማጫወቻ ያወረድኩት «የተሻለ ድምፅ» ፍለጋ ነበር። ከሲዲ የገለበጥኳቸው አራት መቶ ገደማ አልበሞች አሉኝ፤ አብዛኞቹ ፍላክ፣ ጥቂቶቹ አላክ፣ ከድሮ የተረፉት ደግሞ ኤፒኢ የሚል ጭራ ያላቸው የማንኪስ ኦዲዮ ፋይሎች ናቸው። ሦስቱም ድምፁን ምንም ሳያጎድሉ የሚያምቁ የፋይል ዓይነቶች ናቸው። የቀድሞው ማጫወቻዬ፣ ስሙ ይቅር፣ ሁሉንም ይከፍት ነበር። ግን አንድ ወዳጄ «እሱ እኮ ድምፁን ያደበዝዘዋል» ብሎኝ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አልበም በከፈትኩ ቁጥር የሚሰማኝ ድብዛዜው ብቻ ሆነ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ጥያቄዬ ራሱ የተሳሳተ ነበር። ፍላክ ለድምፅ ተብሎ የተሠራ ዚፕ ነው በሉት። ሲፈታ የሚወጣው ሲዲው ላይ የነበረው ቁጥር እንዳለ ነው፦ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁ ልኬት)፣ እያንዳንዱ 16 ቢት፣ በግራና በቀኝ። በትክክል የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ እዚያው ቁጥር ላይ ይደርሳል። አንዱ «ሞቅ» ሌላው «ደረቅ» አድርጎ የሚፈታበት ቀዳዳ የለም።

ይህን ባነብም ልቤ አላረፈም። ፉባር ላይ የሚጫን ኤቢኤክስ የሚባል ተጨማሪ ክፍል አለ፤ ሁለት ፋይሎችን ይሰጡታል፣ እሱ ደባልቆ ያሰማና «ይሄ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የአንድን ዘፈን ዌቭ (ያልታመቀውን ቅጂ) እና ፍላክ ሰጥቼው መብራት አጥፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ 16 ጊዜ መለስኩ። ያገኘሁት 7 ነው። ሳንቲም ብወረውር አንድ ሁለት ሳልበልጥ አልቀርም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱን ፋይሎች ቢት በቢት የሚያነጻጽረውን ሌላ ክፍል የጫንኩት፤ ቅንጣት ልዩነት የለም አለኝ። መጀመሪያ እሱን ብጠይቅ ጆሮዬን ባላለፋሁ።

ታዲያ ለምን እሱኑ እየተጠቀምኩ ቀረሁ? ከመፍታቱ በፊትና በኋላ በሚሆነው ነገር ነው። መድረክ ላይ በቀጥታ የተቀዳ አልበም በቀድሞው ማጫወቻዬ ስሰማ፣ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ሲሻገር ጭብጨባው ቁርጥ ብሎ እንደገና ይጀምር ነበር። ፉባር ላይ ይህ የለም፤ ጭብጨባው ሳይሰበር ያልፋል።

ሁለተኛው የዊንዶውስ ጣልቃ ገብነት ነው። የኔ ዳክ (ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚቀይረው መሣሪያ) የሚደርሰውን የናሙና ፍጥነት በመብራት ያሳያል፤ 44.1 ሲሆን አረንጓዴ፣ 96 ሲሆን ሰማያዊ። ለዓመታት መብራቱ ሰማያዊ ሆኖ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ለካ ዊንዶውስ የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ ሲቀላቅል የሲዲውንም ፋይል በሙሉ ወደ 96 እየቀየረ ነው የሚልከው! በፉባር የማጫወቻ ቅንብር ውስጥ ዳኩን ለብቻው የሚይዘውን አማራጭ ስመርጥ መብራቱ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። በጆሮዬ ለይቼዋለሁ ብዬ አልምልም፤ ዓይኔ ግን ለይቶታል። ዋጋው ደግሞ አለ፦ ሙዚቃው እስካልቆመ ድረስ ሌላ ፕሮግራም በዚያ ዳክ ድምፅ አያወጣም። አንድ ቀን በቪዲዮ ጥሪ ላይ ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ብቻ እያየሁ አምስት ደቂቃ «አይሰማም» ስል ነበር።

መልኩን በተመለከተ፣ ከ2002 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም መሆኑ ያስታውቃል። በ2023 የወጣው 2.0 ጨለማ ገጽታ ቢያመጣለትም፣ ሲከፈት የሒሳብ ሠንጠረዥ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ሳምንቴ ዓምድ በማስተካከል አለቀ። ሊነክስ ለምትጠቀሙ ደግሞ የእናንተ የሚሆን ቅጂ የለውም። ኤፒኢ ለመክፈት ተጨማሪ ክፍል ይፈልጋል፤ እኔ ግን እነዚያን በሙሉ ወደ ፍላክ ቀየርኳቸው። መጠናቸው ትንሽ ጨመረ፣ ግድ የለም። ማንኪስ ኦዲዮ ሲታመቅ የሚፈጀውን ጉልበት ሲፈታም ይፈጃል፤ ፍላክ ግን በየትኛውም ደረጃ ታመቀ ሲፈታ ቀላል ነው። የዘፈኖችን ከፍታ የሚያቀራርበውን ሪፕሌይጌይንም ወድጄዋለሁ፤ የድምፁን ከፍታ ፋይሉ ውስጥ በማስታወሻ ብቻ ይጽፋል እንጂ ቁጥሩን አይነካም።

በአምስተኛው ወር ላይ ስብስቤን ወደ አዲስ ሃርድ ዲስክ አዛወርኩ። ከሳምንት በኋላ አንድ ዘፈን 2 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ላይ «ቀጭ» አለ። ወደኋላ መለስኩት፤ እዚያው ቦታ ላይ አሁንም ቀጭ። ፍላክ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የዋናውን ድምፅ ኤምዲ5 አሻራ (ከድምፁ የተሰላ አጭር ቁጥር) ይዞ ነው የሚሠራው፤ የፉባር መመርመሪያ ፋይሉን ፈትቶ ከአሻራው ጋር ያመሳክረዋል። ሁሉንም መርጬ ለቀቅኩት፣ አንድ ሰዓት ገደማ ወሰደበት። 11 ፋይሎች ተበላሽተዋል፣ ከሦስት አልበሞች። ዌቭ ቢሆኑ ኖሮ እያንዳንዱን በጆሮዬ ማደን ነበረብኝ፤ እንዲህ ያለ አሻራ ዌቭ ውስጥ የለም።

የሁለቱን ሲዲ ከሳጥን አውጥቼ በዚያው ቀን እንደገና ገለበጥኳቸው። ሦስተኛውን አውሼዋለሁ፤ ለማን እንደሆነ ነው የጠፋኝ። ዘፈኑ እስካሁን 2 ደቂቃ ከ14 ላይ ቀጭ ይላል።