የአባቴን ዲኤክስ ጤና ለመለሱልን የሳሪሱ ኤሌክትሪሺያን ምስጋና

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ የመኪናዬ የሙቀት መለኪያ ቀስት መሐል ላይ ቆሞ ይውላል፤ መብራት ባበራም ፍሬቻ ባሳይም አይነቃነቅም። ለሌላ ሰው ኢምንት የሚመስለው ይህ ነገር ለእኔ ከአምስት ወር ጭንቀት በኋላ የመጣ እፎይታ በመሆኑ፣ ይህን ላደረጉልኝ ባለሙያ በሰው ፊት ምስጋናዬን ሳላቀርብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መኪናችን የ1986 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስከ መጨረሻው እንደ ልጁ ነበር የሚያያት። አሁን የምነዳት እኔ ነኝ፤ እናቴን በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ኩላሊት እጥበት የማመላልሳትም በእሷው ነው። «ሸጠሽ ተገላገይ» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እሷን ሸጬ በምትኩ ሌላ መግዛት በመምህር ደመወዝ የሚታሰብ አይደለም።

ችግሩ የጀመረው ክረምቱ በበረታበት በሐምሌ ነው። የፊት መብራት ሳበራ የሙቀቱ ቀስት ሽቅብ ወደ ቀዩ መስመር ይወጣል፤ የነዳጁም አብሮት ይነሣል። ፍሬቻ ሳሳይ ደግሞ ሁለቱም በፍሬቻው ምት ልክ ይወዛወዛሉ፤ የባትሪዋ ምልክትም ደብዘዝ ብላ ትበራለች። አንድ ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ እናቴን ከእጥበት ይዤ ስመለስ፣ ቀስቱ ቀዩን ሲነካ ደንግጬ ቀለበት መንገድ ዳር አቆምኩ። እናቴ አቅሟ ተሟጦ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ብለን በዝናብ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ለካ ሞተሩ አልጋለም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሄድኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም፤ የደረሰብኝን ግን መናገር አለብኝ። የመጀመሪያው «ባትሪው ሞቷል» አለኝ፤ አዲስ ገዛሁ፤ በዚያው ምሽት ቀስቱ እንደ ልማዱ ወጣ። ሁለተኛው ዲናሞውን አውርዶ አስጠቀለለው፤ ያው ነው። ሦስተኛው «ሞተሩ ወርዶ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ካልታየ ኃላፊነት አልወስድም» ካለኝ በኋላ፣ ለምን መብራት ሳበራ ብቻ እንደሚሆን ስጠይቀው፣ «ባለቤትሽን ላኪልኝና ከእሱ ጋር እንነጋገራለን» ብሎ ፊቱን አዞረ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የመጨረሻዎቹ ደግሞ ያገለገለ የዳሽቦርድ ቆጣሪ ከሶማሌ ተራ አስገዝተውኝ የመኪናዬን ነቅለው ያንን ገጠሙበት። ችግሩ እንዳለ ሆኖ፣ በላዩ ላይ ግማሹ ብሎን ሳይመለስ ቀርቶ ኮረኮንች በነካሁ ቁጥር ዳሽቦርዱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ከሁሉ የከበደኝ ግን የአባቴ ኪሎ ሜትር መጥፋቱ ነው። እሱ የነዳው መንገድ ሁሉ የተቆጠረበት ቁጥር ቀርቶ የማላውቀው ሰው ቁጥር ፊቴ ላይ ተቀመጠ። የድሮውን ቆጣሪ መጣል አልሆንልሽ ብሎኝ በጋዜጣ ጠቅልዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ወደ እኚህ ሰው የመራኝ በሠፈራችን የሚሠራ አንድ ባለታክሲ ነው። ሥራ ቦታቸው ሳሪስ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለች ትንሽ ኮንቴነር ናት፤ ብትታይ የምታሳምን አይደለችም። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ እኔም ተማሪዎቻቸውም እንደምንጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ እንደ ሌሎቹ መፍቻ ይዘው አልመጡም። በርጩማ አስመጥተው አጠገቤ ተቀመጡና «ልጄ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ንገሪኝ» አሉኝ። በአምስት ወር ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስጨርስ «ዳሽቦርዱ ተቀይሮም ካልጠፋ ጥፋቱ ከዳሽቦርዱ አይደለም» አሉና «ቢስሚላህ» ብለው መሪው ፊት ተቀመጡ። መብራቱን አበሩ፣ አጠፉ፤ ፍሬቻውን አሳዩ፣ አጠፉ፤ ቀስቶቹን ብቻ ይመለከቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ አልተረዳሁትም፤ አንዷን ነገር ግን ጠርተው አሳይተውኛል። የመለኪያቸውን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ከዳሽቦርዱ ኋላ አስነክተው «ይህ ቁጥር ከዜሮ ብዙ መራቅ የለበትም» አሉኝ። መብራቱ ሲበራ ቁጥሩ ከ2 ቮልት አለፈ። እጃቸውን ከመሪው በታች አስገብተው በዳሰሳ ቆይተው የዳሽቦርዱን ኔጌቲቭ ሽቦ ከመኪናዋ ብረት ጋር የምታስረውን አንዲት ብሎን አወጡ፤ ዝገት በልቷት እንደ በርበሬ ቀልታለች። በፊት መስታወቱ ጎማ በኩል የክረምቱ ውኃ ሲንጠባጠብባት ከርሞ ኖሯል። ብሎኗ ያረፈችበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው፣ ሽቦውን አጽድተው፣ በአዲስ ብሎን አሰሩት። መብራቱን አብሬ ቀስቱ ካለበት ንቅንቅ ሳይል ሲቀር እንባዬ መጣ።

ሥራው እዚህ ላይ አብቅቶ ነበር። እሳቸው ግን «የመጀመሪያው ቆጣሪሽ የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ከጋዜጣው ፈትቼ ሳቀርብላቸው «ይህ እኮ ምንም አልሆነም» አሉ። መሽቶ ነበር፤ በማግስቱ የእናቴ የእጥበት ቀን መሆኑን ስነግራቸው መኪናዋን ማሳደር እንደማይገባ ወሰኑ። መግሪብ ሰግደው ተመለሱና ተማሪያቸው የስልክ ባትሪ አብርቶላቸው የአባቴን ቆጣሪ ወደ ቦታው መለሱት። የፈቱትን እያንዳንዱን ብሎን ጠርዟ በተሸረፈ ሲኒ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር፤ ሲጨርሱ ሲኒዋን ገልብጠው ባዶ መሆኗን አሳዩኝ። የጎደሉትንም ከራሳቸው ሞሉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን ሳዞር 287,416 የሚለው ቁጥር፣ አባቴ ካቆመበት ትንሽ ብቻ ያለፈው፣ ፊቴ ላይ በራ። የጠየቁኝ 800 ብር ነው። ለቆጣሪው ስጨምርላቸው «የአባትሽን ዕቃ መልሼ ብር አልቀበልም» ብለው እጄን መለሱት።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እናቴም በየዕለቱ ትመርቅዎታለች። እናንተም የአሮጌ መኪና ባለቤቶች፣ ቀስት ስለዘለለ ወይም የዳሽቦርድ መብራት ስለበራ ብቻ ባትሪ ግዙ፣ ሞተር አውርዱ ስትባሉ እሺ ከማለታችሁ በፊት እባካችሁ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸው ጋ ሂዱ። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ አድራሻቸውን እሰጣለሁ። አርብ ከሰዓት በፊት ለጁምዓ ስለሚዘጉ በሌላ ቀን በጠዋት ብትደርሱ ይሻላል። ችግሩ መቼ መቼ እንደሚከሰት በደንብ አስተውላችሁ ንገሯቸው፤ ከመኪናችሁ የተፈታ አሮጌ ዕቃ ካለም አትጣሉት፤ ይዛችሁት ሂዱ።