ባንጋሎር ወይስ ሃይደራባድ? የራሱን ገንዘብ ቆጥሮ ለሚሄድ ሰው

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። ሁለቱ ማስተርስ ሊማሩ ነው። አንዷ እናቷን ልታሳክም ነው። አራተኛው "ቴክ ውስጥ ዕድሌን ልሞክር" ባይ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ከሕንድ ከተሞች ባንጋሎር ይሻላል ሃይደራባድ? በቴሌግራም ድምፅ እየቀረጽኩ ስመልስ ጉሮሮዬ ደረቀ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ወገንተኛ መሆኔን ከወዲሁ እወቁልኝ። ባንጋሎር ሁለት ዓመት ማስተርስ ተማርኩ፤ ከዚያ ለሦስተኛ ዲግሪ ሃይደራባድ ገባሁ። ልቤ ሃይደራባድ ነው። ምክንያቱ ደግሞ አብዛኛው ገንዘብ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ከተሞቹ ራሳቸው እንደ መርካቶ ነጋዴ ደንበኛ ይጠራራሉ። በ2022 አንድ የባንጋሎር ጀማሪ ኩባንያ መሥራች ስለ ሰፈሩ መንገድና ስለ መብራት መጥፋት በትዊተር አማረረ። ሃይደራባድ ያለችበት የቴላንጋና ክልል ሚኒስትር የነበረው ኬ ቲ ራማ ራኦ ጊዜ አላጠፋም፤ ሻንጣህን ሸክፈህ ወደ ሃይደራባድ ና አለው። ባንጋሎር ያለችበት የካርናታካ ክልል የኮንግረስ ፓርቲ መሪ ዲ ኬ ሺቫኩማር ደግሞ ውድድሩን ተቀብያለሁ፣ እኛ ሥልጣን ስንይዝ ባንጋሎርን ወደ ክብሯ እንመልሳለን ሲል መለሰ። የሚያስቀው የኋላው ነው። በ2023 ኮንግረስ ካርናታካን አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቴላንጋናንም አሸነፈና የራማ ራኦን ፓርቲ ከሥልጣን አወረደ። አሁን ሁለቱም ሱቅ የአንድ ባለቤት ነው። ጥሪው ግን አልቆመም።

ባንጋሎር ኦሪጅናሉ የቴክ ከተማ ነው፤ ይኼን መካድ አይቻልም። የሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1909 ተቋቋመ፣ የአውሮፕላን ፋብሪካው በ1940። የሶፍትዌር ኩባንያው ኢንፎሲስ በ1983 ከፑኔ ከተማ ወደዚያ ዞረ፤ የአሜሪካኑ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1985 ገባ። ሃይደራባድ ኮፒው ነው። ሳይበር ታወርስ የሚባለው ክብ ሕንፃ የተመረቀው በ1998 ነው፤ ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ገባ። ግን ዘግይቶ የመጣ ሰው የቀደመውን ስህተት ያያል። ባንጋሎር ኩባንያውን አስገብቶ መንገዱን በኋላ ያስብበታል። ሃይደራባድ ከተማውን የሚዞር 158 ኪሎ ሜትር ሰፊ የቀለበት መንገድ አስቀድሞ ዘረጋ። ኮፒ ሁሉ መጥፎ አይደለም። መጥፎውን ኮፒ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ኪሳችን። ባንጋሎር ቤት ስትከራዩ አሥር ወር ዲፖዚት ማስያዝ የቆየ ልማድ ነው። አሥር ወር! በአምስት በስድስት የሚስማሙ አከራዮች አሉ፤ ልማዱ ግን አልሞተም። እኛ ካማናሃሊ አካባቢ ለሦስት ሆነን ባለ ሁለት መኝታ ያዝን። ኪራዩ በወር 20,000 ሩፒ፣ ዲፖዚቱ 200,000። ለእያንዳንዳችን 66,666 ሩፒ ደረሰን። የተረፈችውን ሁለት ሩፒ ማን ይክፈል ብለን የተጨቃጨቅነው እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ስንለቅ አከራያችን መጣ። የስልኩን መብራት አብርቶ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄደ። ምን እንደሚፈልግ የገባን ጣቱን እያሳረፈ መቁጠር ሲጀምር ነው። "ኦንዱ፣ ኤራዱ፣ ሙሩ..." የምስማር ቀዳዳ! አሥራ አንድ አገኘ። ሰባቱ እኛ ስንገባም የነበሩ ናቸው፤ ማን ይስማን? የቀለም ብሎ የአንድ ወር ኪራይ ቆረጠ፤ ውሉ ላይ ስላለ ዝም አልን። "ጥገና" ብሎ ደግሞ 32,000 ጨመረ። የቀረውን 148,000 በሦስት ጊዜ ላከልን፤ የመጨረሻው ሲደርስ እኔ ሃይደራባድ ሁለተኛ ወሬን ይዤ ነበር። እንግዲህ ኪራዩ ላይ ተጨማሪ 17,333 ሩፒ በነፍስ ወከፍ ከፈልን ማለት ነው። ይህ ዋጋ የትኛውም የቤት ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም።

ሃይደራባድ የተለመደው የሁለት ወር ነው፤ ቢበዛ ሦስት። እኔ አንድ መኝታ በ9,500 ሩፒ ተከራየሁ፣ 19,000 አስያዝኩ። የለቀቅኩ ዕለት ማታ ባለቤትየዋ ሙሉውን በስልክ አስገቡልኝ። ምስማር አልቆጠሩም፤ ሻይ ነው ያጠጡኝ።

ሰፈሬ ሐብሲጉዳ ይባላል። ስሙን ልብ በሉ። የከተማው ገዥዎች በነበሩት በኒዛሞቹ ዘመን ያገለግሉ ከነበሩ ሐበሾች የመጣ ነው ይባላል። ከተማው ውስጥ ኤ ሲ ጋርድስ የሚባል ሌላ ሰፈርም አለ፤ ሲተነተን የአፍሪካ ፈረሰኛ ዘበኞች ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን የባጃጅ ሾፌሩ ከየት ነህ ሲለኝ ከኢትዮጵያ አልኩት፤ "ታዲያ ሰፈርህ ገባሃ!" ብሎ ሳቀብኝ። ዋጋ ግን አልቀነሰም። ኦስማኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፣ ሜትሮ ጣቢያም አለው። ለተማሪ ከዚህ አካባቢ የተሻለ አላውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሃይደራባድ ርካሽ ነው ስል የቴክ ሰፈሮቹን ሃይቴክ ሲቲና ጋቺቦውሊን አይጨምርም። የቴላንጋና የሶፍትዌር ኤክስፖርት በ2013/14 ወደ 573 ቢሊዮን ሩፒ ነበር፤ በ2022/23 2.4 ትሪሊዮን ደረሰ። ያ ሁሉ ባለ ደመወዝ አንድ ጥግ ላይ ነው የተጠቀጠቀው። እዚያው አጠገብ ኮካፔት ላይ በነሐሴ 2023 አንድ ኤከር መሬት በጨረታ ከ1 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ተሸጧል። ደላላ "ጋቺቦውሊ አሪፍ ቤት አለ" ካላችሁ ስልኩን ዝጉ። ኪራዩ የባንጋሎርን እየተከተለ ነው።

በሁለቱም ከተማ የውጭ ዜጋ ያከራየ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ቀድሞ ፎርም ሲ ይባል የነበረውን የውጭ ዜጋ ማሳወቂያ ቅጽ ኦንላይን መሙላት አለበት። ብዙ አከራይ ይኼን ሲሰማ ይሸሻል። አሞላሉን ራሳችሁ ተምራችሁ ስልኩ ላይ አሳዩት። እኔ ሁለት ቤት ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

መንገድ ላይ የሚያልፈውን ጊዜ በገንዘብ ለሚያስብ ሰው ደግሞ ባንጋሎር ያስለቅሳል። የትራፊክ መረጃ ኩባንያው ቶምቶም ለ2019 ባወጣው ደረጃ በትራፊክ መጨናነቅ ከዓለም አንደኛ ነበረች። በ2022 መሃል ከተማዋ ላይ አሥር ኪሎ ሜትር ለመንዳት በአማካይ 29 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። እኔ ከካማናሃሊ ኤሌክትሮኒክ ሲቲ ድረስ ለተግባር ልምምድ ስመላለስ ሁለት አውቶቡስ፣ አንድ መንገድ ሁለት ሰዓት። ሲልክ ቦርድ የሚባለው መስቀለኛ ላይ አንድ ጽሑፍ ጀምሬ ጨርሻለሁ። በነሐሴ 2025 ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲቲ የሚሄደው ቢጫው የሜትሮ መስመር ተከፍቷል፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ መሆኑ ነው እንጂ ጥሩ ነው። ግን በዚያው ዓመት የካቲት የሜትሮው ከፍተኛ ዋጋ ከ60 ወደ 90 ሩፒ ዘሏል። ሃይደራባድም በግንቦት ከ60 ወደ 75 ከፍ አድርጎ ነበር፤ ሕዝቡ ሲጮህ አሥር በመቶ ቀነሱለት።

ባጃጅ ላይ ሁለቱም ያው ናቸው። ባንጋሎር ከነሐሴ 2025 ጀምሮ የመጀመሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር 36 ሩፒ ነው፤ ከዚያ በኪሎ ሜትር 18። ይኼ የመንግሥት ታሪፍ ነው። ሾፌሩ የውጭ ሰው ሲያይ የሚጠራው ሌላ ነው። ሃይደራባድም በታሪፍ ቆጣሪው እሄዳለሁ የሚል አልገጠመኝም። በስልክ መተግበሪያ ጥሩና ዋጋውን አይታችሁ ግቡ።

ውሃንም አትርሱ። ባንጋሎር የምትጠጣው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ካለው የካቬሪ ወንዝ ሽቅብ ተገፍቶ የሚመጣ ውሃ ነው። በ2024 መጋቢት ጉድጓዶች ሲደርቁ ሰፈሩ ሁሉ በቦቴ ውሃ ላይ ወደቀ። የቦቴው ሒሳብ የሚመጣው ተከራዩ ላይ ነው። ቤት ስታዩ ከወለሉ ንጣፍ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ጎርፍ ላይ አላዳላም፤ ሁለቱም ሐይቆቻቸውን በሕንፃ በልተዋል። በ2022 መስከረም የባንጋሎር የቴክ ሠራተኞች በትራክተር ቢሮ ሲገቡ፣ ሃይደራባድ በ2020 ጥቅምት ሰጥማ ነበር።

ወደ መጥፎው ኮፒ ልምጣ። ባንጋሎር ኤስ ፒ ሮድ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ጎዳና አለ፤ ለዕቃ ወዳጅ ገነት ነው። የላፕቶፔ ቻርጀር ሲበላሽብኝ ሄድኩ። ኦሪጅናሉ 2,800 ነበር። አንድ ሱቅ "ይሄም ኦሪጅናል ነው ሰር፣ ከዚያው ፋብሪካ ነው" ብሎ በ700 ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ 2,100 አተረፍኩ ብዬ። በስድስተኛው ሳምንት፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ ሃይደራባድ ስገባ ሰሞን፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ላፕቶፑ ጠፋ። አንድ ትልቅ ጥገና ቤት "ማዘርቦርዱ ይቀየር፣ 9,000" አለኝ። ሰው መክሮኝ የሃይደራባድ መንትያ ወደሆነችው ሰከንደራባድ ወረድኩ። እዚያ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ። መጀመሪያ ላፕቶፑን አልነኩም። ቻርጀሩን በአንድ እጃቸው፣ የራሳቸውን ኦሪጅናል በሌላው ይዘው ልክ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ አደረጉ። ከዚያ የኔን አንስተው በቢላ ፈለቀቁት። ግማሹ ባዶ ነበር። "ለአየር ነው የከፈልከው" አሉኝ። አንዲት የተቃጠለች ቁራጭ ብቻ ቀይረው በ1,800 መለሱልኝ። ቻርጀር ስትገዙ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ክብደቱን በእጃችሁ ያዙት። ቀላል ከሆነ ጥላችሁ ሂዱ።

ፎርጅድ ሃይደራባድም ሞልቷል፤ አልዋሽም። ልዩነቱ ሃይደራባድ ጠጋኝ አለ፤ ባንጋሎር የሰው ጊዜ ስለተወደደ ነው መሰለኝ ሁሉም "ቀይረው" ይላችኋል።

ባንጋሎር የሚያሸንፍበትን ባልነግራችሁ ግፍ ነው። አየሩ! ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ900 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ አይቸገርም። ሃይደራባድ በግንቦት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የመጀመሪያውን ዓመት እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ነው ያነበብኩት። ጾም ለሚይዝም ባንጋሎር ይመቻል። ዳርሺኒ የሚባሉት ቆሞ መብያ ቤቶች ከሩዝና ከጥራጥሬ የሚሠሩትን ዶሳና ኢድሊ በርካሽ ያቀርባሉ። ቅቤ እንዳይቀቡላችሁ ግን "ቱፓ ቤዳ" በሉ። በፍስክ ጊዜ ደግሞ ሃይደራባድ ቢርያኒ የሚባለው ባለ ሥጋ ሩዝ አለ፤ ባንጋሎር "የሃይደራባድ ቢርያኒ" ተብሎ የሚሸጠውን ከቻርጀሩ ጋር አንድ ላይ መድቡት።

ሕክምና ላይ በከተማ አትምረጡ፤ በበሽታው ምረጡ። ለዓይን ሃይደራባድ ከ1987 ጀምሮ ያለው ኤል ቪ ፕራሳድ ስሙ የታወቀ ነው። ለልብ ባንጋሎር ናራያና አለ። ከሁለት ቦታ የዋጋ ግምት በጽሑፍ አስልኩ፤ የአልጋ ቀን ስንት እንደተቆጠረም ተመልከቱ፤ ሒሳቡ የሚያብጠው እዚያ ነው።

እናቷን ለምታሳክመው ልጅ፣ ነገሩ የልብ ስለሆነ፣ ባንጋሎር አልኳት። ለሁለቱ ተማሪዎች ሃይደራባድ፣ ያውም ሐብሲጉዳ። ለአራተኛው ደስ የማይለውን ነገርኩት። ለውጭ ዜጋ የሥራ ቪዛ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 1,625,000 ሩፒ ነው፤ ጥቂት ሙያዎች ብቻ ናቸው ከዚህ ነፃ የሆኑት። ያንን የሚከፍል ቀጣሪ ሳይዝ ዕድል መሞከሪያ የሚሆን ከተማ የለም፤ ባንጋሎርም ሃይደራባድም።

ትንሽ ዝም አለና ሌላ ድምፅ ላከ። ሦስተኛ ሱቅ መከፈቱን ሰምቷል። በ2025 አንድ የባንጋሎር ኩባንያ ኃላፊ መንገዱ አስመረረኝ፣ ለቅቄ ልወጣ ነው ሲል የጎረቤት ክልል የአንድራ ፕራዴሹ ሚኒስትር ናራ ሎኬሽ ወደ ክልሉ ከተማ ወደ ቪሻካፓትናም ና ብሎ ጠራው፤ በጥቅምት ደግሞ ጉግል እዚያው በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር አፈሳለሁ አለ። ልጁ የሚለው፦ "ወንድሜ፣ እሱንስ እንዴት ታየዋለህ? ዲፖዚቱ ስንት ወር ነው?"