ለጀማሪ መምህር፦ የቴሌግራም ቻናል ወይስ ዩቲዩብ?

ትምህርቱን ከክፍል ውጭ ለማድረስ የተነሣ መምህር በመጀመሪያ ከቴሌግራምና ከዩቲዩብ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። እንቅስቃሴን ለማሳየት ዩቲዩብ ይበልጣል፤ የፔንዱለም ውዝዋዜ በቃል ከሚነገር ይልቅ በዓይን ሲታይ ይገባል። ይሁን እንጂ ቀረጻውና አርትዖቱ ጀማሪን ያደክማል፤ ቪዲዮውም የተማሪውን የኢንተርኔት ጥቅል ቶሎ ይጨርሳል።

የቴሌግራም ቻናል ግን ዛሬውኑ የሚጀመር ነው። መምህሩ የጥቁር ሰሌዳውን ፎቶ አንሥቶ የሁለት ደቂቃ የድምፅ ማብራሪያ ቢያስከትልበት፣ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ተማሪ እንኳ በትንሽ ዳታ አውርዶ ደጋግሞ ያዳምጠዋል፤ ስልክ ለሌለው ጓደኛውም ያሰማዋል። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል መጫን ስለሚቻል ለመማሪያ መጽሐፍና ለአሮጌ ፈተናዎች ከበቂ በላይ ነው።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን የቴሌግራምን የጥያቄና መልስ (Quiz) አገልግሎት ነው፤ መምህሩ ጥያቄውን ከነምርጫዎቹ ይለጥፋል፣ ተማሪውም አንዱን ይመርጣል። ተማሪው የሳተውን ከነማብራሪያው ወዲያው ያያል፤ መምህሩም ስንት በመቶው የትኛውን የተሳሳተ መልስ እንደመረጠ ማታውኑ አውቆ፣ በማግስቱ ክፍል ሲገባ ትምህርቱን ከዚያው ስሕተት ይጀምራል። የዩቲዩብ ቪዲዮ ብቻውን የታየበትን ብዛት ይነግረዋል እንጂ ተማሪው የቱ ላይ እንደተሳሳተ በዚህ መልክ አያሳየውም። ስለዚህ በቴሌግራም ጀምሮ፣ ቪዲዮን በዓይን ካልታዩ ለማይገቡ ሙከራዎች ብቻ ቢያቆየው እመርጣለሁ።