የጌም አካውንት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የኔን ጉድ ስሙ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ከ11 ቀን በፊት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14 ካለ አንድ ጌም ቤት የተኩስ ጌም አካውንት በ9,000 ብር ገዛሁ። ለባለቤቴ 3,000 ነው ብያታለሁ። ይህን እንደማታነበው ተስፋ አለኝ።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት፣ አራት ፕሌይስቴሽን፣ ከስልኩ ቀና ሳይል የሚያናግርህ ልጅ። «ብሮ፣ አንዱ ቀብድ ሊከፍል መንገድ ላይ ነው» ይልሃል። አንዱ መቼም አይደርስም።

ጌሙ እየገደልክ ዕቃ የምትለቅምበት ነው። አካውንቱ ላይ የነበረው ትጥቅ ግን ጉድ ነበር። ራስ ቁሩ በገደልክ ቁጥር ቦምብህን ይመልስልሃል። ጓንቱ የቦምቡን ጉዳት እጥፍ ያደርጋል። ጥሩሩ ደግሞ ቦምብ በወረወርክ ቁጥር ጋሻህን ይሞላል። ወርውር፣ ግደል፣ ተመለሰልህ፣ ደግመህ ወርውር። እኔና ጓደኞቼ ሦስት ሆነን ሩብ ሰዓት የሚፈጅብንን ቦስ (ዋናውን ጠላት) ልጁ ፊቴ በ40 ሰከንድ ጣለው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እዚያው ቆሜ በቴሌብር ላክሁለት።

አምስት ቀን እንደ ንጉሥ ኖርኩ። በስድስተኛው አፕዴት መጣ። መብራት ሁለቴ ጠፍቶብኝ ሌሊቱን ሙሉ ሳወርድ አደርኩ። ጠዋት ስገባ ራስ ቁሩ ቦምብ የሚመልሰው በ15 ሰከንድ አንዴ ብቻ ሆኗል። የጓንቱ እጥፍ አስር በመቶ ሆኗል። ቦምቡ ቶሎ እንዲመለስ አሁን ትጥቁ ላይ የሚጻፍ አዲስ የችሎታ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ነጥቡ ያለው ደግሞ ከአፕዴቱ በኋላ በሚገኝ ትጥቅ ላይ ነው። የገዛሁት ሁሉ የድሮ ነው። ስሙም ቀለሙም ያው ነው፣ ውስጡ ባዶ ቅል።

ሠሪዎቹ ምክንያት ይኖራቸዋል። አንድ ቢልድ (የትጥቅ ቅንጅት) ሁሉንም ከበላ ሌላውን ትጥቅ ማን ይለብሳል? ግን በዚህ ዓይነት ጌም የሰው ድካም የሚቀመጠው ዕቃው ውስጥ ነው። አብረውኝ ከሚጫወቱት የአባይ ማዶ ልጆች ሁለቱ በዚያው ሳምንት ጌሙን አጠፉት። የስምንት ወር ልፋታቸው ነበር። ሦስተኛው ብቻውን ቡድን ሲጠብቅ ይውላል፤ እሱም መሄዱ አይቀርም።

የሚያበሽቀኝ ይህን ማወቄ ነው። ዴስቲኒ 2 የሚባለው የተኩስ ጌም እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ለድሮ መሣሪያዎች ከዚህ በላይ አትጠነክሩም የሚል የኃይል ጣሪያ ሲያበጅላቸው ከጮኹት አንዱ ነበርኩ። በ2021 ለአዳዲሶቹ ቀረ እንጂ የሞቱት ለዓመታት ሞተው ቆዩ። በጁላይ 2025 ደግሞ የዚያው ጌም የትጥቅ ነጥቦች ስምም ሥራም ተቀየረ። ሌላው የተኩስ ጌም ዲቪዥን 2 በማርች 2020 ትጥቁን እንደ አዲስ ሠርቶታል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ 9,000 ብር።

ብሬን ልጠይቅ ጌም ቤቱ ስሄድ ሁለቴ «ነገ ና» ተባልኩ። ትናንት ከሥራ ወጥቼ በባጃጅ ሄድኩ። ልጁ ቀና እንኳ አላለም። «ጌሙን እኔ አልሠራሁት፣ ወንድሜ» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ልወጣ ነበር። በሩ ጋ ደርሼ ነበር።

ጥግ ላይ ጆይስቲክ የያዘ፣ 12 ዓመት የማይሞላው ልጅ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «ያ ከአፕዴቱ በፊት ቶሎ ይሸጥ ያላችሁት አካውንት ነው?» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የጌሙ ተኩስ ብቻ ይሰማል። ሻጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን አስቀመጠ። ጓደኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ነው። ለካ ለውጡ ከሦስት ሳምንት በፊት በይፋ ተነግሮ ኖሯል።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎም ማንበብ ይችላሉ እኮ» አለኝ።

ሲሸጥልኝ ብሮ ነበርኩ። 31 ዓመቴ ነው። ጣና ዳር ሄጄ ዓሣ አዘዝኩ፣ ሳልነካው ቀዘቀዘ።

ለማንኛውም፣ አካውንት አትግዙ። እምቢ ካላችሁ ቢያንስ ስለሚመጣው አፕዴት የተጻፈውን አንብቡ፣ የአካውንቱን ኢሜይልም በዚያው ቀን ወደ ራሳችሁ ቀይሩ። ይህን ስጽፍ ነው የኔው አሁንም በሻጩ ኢሜይል መሆኑ ትዝ ያለኝ።