ማርቆስ መውጫ ላይ ያለው ማደያ፣ ከአምስት ሁለት ኮከብ

ባጃጄን ይዤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተሰልፌ ቤንዚን የቀዳሁት ከምሳ በኋላ ነው፣ ስትጠይቅ ቦቴው ከጅቡቲ አልደረሰም ይሉሃል በቃ። ወረፋው ላይ ስልኬን ስጎረጉር ምን አነበብኩ መሰላችሁ፣ ሰሜን ባህር ላይ ፎርቲስ የሚባል የነዳጅ ቦታ በፈረንጅ 1970 ተገኘ፣ ከዛ በ1975 ድፍድፉን 170 ኪሎ ሜትር ገደማ በባህር ወለል በዘረጉት ቱቦ ስኮትላንድ አወጡት፣ ቱቦው እንዳይንሳፈፍ በኮንክሪት ይለበጣል፣ ውስጡ ሰም ሲጋገርበት ደሞ ፒግ የሚሉት መጥረጊያ ይልኩበታል (አሳማ ማለት ነው፣ በጾም አፌን አስያዛችሁኝ)። የኛ አባይ በረሃን በቦቴ እየተጠማዘዘ ነው። ቀጂው ልጅ ግን ጨዋ ነው ሊትር አያጎድልም፣ ሁለቱም ኮከብ የሱ ነው፣ ሽንት ቤቱን አትጠይቁኝ።