ስድስት ቅዳሜ በብር ጭቃ፦ ደሴ ላይ ስለተማርኩት የጌጣ ጌጥ ሥልጠና

ኮምቦልቻ ውስጥ የሀገር ልብስና ጌጣ ጌጥ የምሸጥበት አነስተኛ ሱቅ ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ደንበኞቼ ደጋግመው የጠየቁኝ፣ በየሱቁ ተደርድሮ ከሚታየው አንድ ዓይነት ጉትቻና ሐብል የተለየ፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ በሰው እጅ የተሠራ የብር ጌጥ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ባለፈው መስከረም ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት የጌጣ ጌጥ ባለሙያ በመኖሪያ ቤታቸው በሚሰጡት የሜታል ክሌይ፣ በእሳቸው አጠራር «የብር ጭቃ»፣ ሥልጠና ተመዘገብኩ። ለስድስት ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ ተምሬ ጨርሻለሁ። ባለሙያዋ ስማቸው እንዲጻፍ አይፈልጉም፤ ፒያሳ ደርሶ «የብር ጭቃ የሚያስተምሩት እትዬ ቤት የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ይበቃል።

ሜታል ክሌይ እጅግ የላመ የብር ዱቄት፣ እሳት ሲነካው ተቃጥሎ ከሚጠፋ ማጣበቂያና ከውኃ ጋር የተለወሰበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ሚትሱቢሺ ማቴሪያልስ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ሲሆን፣ አይዳ የተባለ ሌላ የጃፓን ኩባንያም «አርት ክሌይ» በሚል ስም የራሱን ያመርታል። እርጥብ ሳለ እንደ ሊጥ ይዳመጣል፤ ሲደርቅ እንደ ጠመኔ ይሞረዳል፤ እሳት ሲገባ ደግሞ ማጣበቂያው ይቃጠልና የብሩ ቅንጣቶች ሳይቀልጡ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ጠጣር ብር ይሆናሉ። ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ጭቃው የሚጋገረው እንደየዓይነቱ ከ650 እስከ 900 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ከእሳት የሚወጣው ብር ንጽሕናው ከሺህ 999 ነው። አያቶቻችን ድሪና አልቦ ያሠሩበት የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብር የሆነው ከሺህ 833 እጁ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከስድስታችን ብር የነካ ሰው አልነበረም። የተሰጠን የስንዴ ሊጥ ነበር። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ምክንያቱን የተረዳሁት በሁለተኛው ቅዳሜ ሰባት ግራም የምትመዝነውን አንዲት እሽግ ስከፍት ነው። ጭቃው አየር ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ መድረቅ ይጀምራል፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደሴ፣ ያውም በጥቅምት ነፋስ፣ እጅ ምን እንደሚሠራ እያሰበ የሚቆምበት ፋታ አይኖርም። ስለዚህ እጃችን ሥራውን አስቀድሞ በሊጥ ላይ መልመድ ነበረበት። መዳፍን በጥቂት የወይራ ዘይት ማስነካት፣ ጭቃውን በግራና በቀኝ በተደረደሩ የመጫወቻ ካርታዎች መካከል ማኖር፣ ከዚያም በውኃ ቧንቧ ቁራጭ መዳመጥ፤ አራት ካርታ በአንድ ወገን፣ አራት በሌላው ከተደረደረ የሚወጣው ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ውድ መሣሪያ ሳይፈልጉ ቤት ባለው ነገር ማስተማራቸውን ከምንም በላይ ወድጄዋለሁ።

ለቅርጽ ማውጫ የሚጠቀሙበት ነገርም እንዲሁ የቤት ነው። ከአሮጌ መሶብ የተቆረጠ፣ ጫፉ የተተረተረ የስፌት ቁራጭ አላቸው። እርጥቡ ጭቃ ላይ አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ተጫኑትና ሲያነሱት፣ ስንደዶውን የጠመጠመው አክርማ እያንዳንዷ ዘንበል ያለች መስመር፣ አንዲት ሰፊ ከብዙ ዓመት በፊት ሳትጠብቅ የለቀቀቻት አንዲት ጥምጥም ሳትቀር፣ ብሩ ላይ ታትማ ቀረች። ሁላችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለን አየናት። እኔ በበኩሌ ሱቄ ውስጥ ለደንበኛ ላሳየው የምፈልገው ጌጥ ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

የተዘጋጀው ቅርጽ ደርቋል ብለን ስንሰጣቸው በቃላችን አይቀበሉንም። በትንሹ ያሞቁትና ለጥቂት ሰኮንድ የእጅ መስታወት ላይ አስቀምጠው ያነሱታል፤ መስታወቱ ላይ ጉም ከቀረ ውስጡ እርጥብ ነው ማለት ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ እሳት ሲነካው እንፋሎቱ ያፈነዳዋል። አንዲት ተማሪ የመስቀሏ ክንድ ሲሞረድ ተሰብሮባት እንባ ሲተናነቃት፣ ስብርባሪውን ከነዱቄቱ ሰብስበው ትንሽ ውኃ ጠብ አደረጉበትና እንደ ሙቅ እስኪቀጥን አማስለው፣ «አብሽሪ ልጄ፤ እሳት እስኪገባ ድረስ ሁሉም ይመለሳል» አሏት። በዚያው ቅጥን ክንዱን መልሳ አጣበቀችው፤ ዛሬ ስብራቱ የት እንደነበር ለይቶ የሚያሳይ የለም።

እትዬ ይህን ሁሉ የሚያውቁት ከረጅም መንገድ በኋላ ነው፤ እኛም በቡና ሰዓት ቀስ በቀስ ሰማነው። አባታቸው ጠገራ ብር እያቀለጡ ድሪና ቀለበት የሚሠሩ አንጥረኛ ነበሩ። ልጅቱ ወናፍ ትነፋለች፣ ከሰል ታቀርባለች፤ መዶሻ ግን ለወንድሞቿ ነበር። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. ያወጡ ቢሆንም፣ «የቀጥቃጭ ልጅ» የሚለው ስድብ ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላም ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይከተላቸው እንደነበር ሲነግሩን ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ ፊት ነበር። ካደጉ በኋላ ለቤት ሠራተኝነት ዱባይ ሄዱ። አሠሪያቸው ለትርፍ ጊዜዋ የብር ጭቃ ትማር ነበርና፣ እሳቸው ጠረጴዛውን ሲያጸዱ የሚሰበስቡትን ፍርፋሪ በውኃ እያረሱ ማታ ማታ መሥራት ጀመሩ። ሴትየዋ ስታያቸው አልተቆጣችም፤ እንዲያውም አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ደሴ ሲመለሱ ከሻንጣቸው ውስጥ አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነት በተያዘችበት ወቅት ያ ምድጃ ከቤታቸው ጠፋ። ሌላ እስኪያገኙ ድረስ በእጅ በሚያዝ የጋዝ ማቃጠያ ብቻ ስለሠሩ፣ ያለ ምድጃ መጋገርን እንዲህ በጥንቃቄ የሚያስተምሩት በዚያ ጊዜ የተማሩትን ነው።

ይህ የማቃጠያው ትምህርት ለእኔ የሥልጠናው ምርጥ ክፍል ነው። መጋረጃው ይዘጋል፤ ምክንያቱም ትክክለኛው ሙቀት የሚታወቀው በቀለም ሲሆን ቀለሙ በቀን ብርሃን አይታይም። ጌጡ እሳት በማይጎዳው ጡብ ላይ ተቀምጦ ነበልባሉ ዙሪያውን ሲዞርበት መጀመሪያ ጥቂት ጭስ ይወጣል፤ ለአፍታም ትንሽ ነበልባል ብልጭ ይላል፤ ይህ ማጣበቂያው ሲቃጠል ነው። ከዚያ ጌጡ ይነጣና ቀስ እያለ የበሰለ ኮክ የሚመስል ፍም ቀለም ይይዛል። ያን ቀለም ሳያስለቅቁ እንደ ጌጡ መጠን ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ማቆየት ነው። ገጹ እንደ መስታወት ማንጸባረቅ ከጀመረ ሊቀልጥ ስለሆነ እሳቱ በዚያች ቅጽበት መራቅ አለበት። እትዬ ከኋላችን ቆመው ማቃጠያውን አይነኩም፤ «ራቅ፤ ቀረብ፤ እሷን ያዣት» ብቻ ይላሉ። ከእሳት የወጣው ነገር ኖራ የተቀባ ይመስላል። የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ በሳሙና ውኃና በናስ ብሩሽ ስፈገፍገው ግን ከነጩ ሥር ብሩ ብቅ አለ። ያን ብሩሽ እስካሁን በእጄ ይታወሰኛል።

የተሳሳትኩትንም ልናገር። ጭቃው ሲጋገር ይጨማደዳል፤ እኛ የተጠቀምንበት ዓይነት ከስምንት እስከ አሥር በመቶ ያንሳል። ይህ ሦስት ጊዜ ተነግሮኝ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ቀለበት ስሠራ ግን ለዓይኔ በጣም የሰፋ ስለመሰለኝ ከተነገረኝ ልክ አጠበብኩት፤ ከእሳት ሲወጣ ከጣቴ መገጣጠሚያ አላልፍ አለ። እትዬ ሳጠበው አይተው ዝም ማለታቸውን በኋላ ነገሩኝ። ቀለበቱ አሁን የእህቴ ልጅ ጣት ላይ ነው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ሳልለካ ያጣበቅኩት የለም።

በወሎ ጌጥ ለሚሠራ ሰው ከሁሉም የሚጠቅመው የአራተኛው ቅዳሜ ትምህርት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የአካባቢያችን ኩራት ሆኗል፤ ብዙ ሠሪዎችም ድንጋዩን ከብሩ ጋር እሳት ውስጥ ማስገባት የሚቻል ይመስላቸዋል። ኦፓል በውስጡ ውኃ ያለው ድንጋይ ስለሆነ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ከዚህም በላይ የእኛ ኦፓል ፈሳሽ ስለሚመጥ ውኃ ሲገባው የቀለም ጨዋታው ይደበዝዛል፣ አንዳንዱም እንደ ብርጭቆ ያስተላልፋል፤ ንጹሕ ውኃ ከሆነ ሲደርቅ ይመለሳል፤ ዘይት ወይም የብር ማጥቆሪያ መድኃኒት ከሆነ ግን ቀለሙን ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ እትዬ የሚያስተምሩት ቅደም ተከተል ጥብቅ ነው፦ ከንጹሕ ብር የተሠራ፣ ድንጋዩን የሚይዝ ቀጭን አቃፊ ቀለበት እርጥቡ ጭቃ ውስጥ ይተከላል፤ ጭቃው ሲጨማደድ አቃፊውን እንዳያጣምመው በድንጋዩ ልክ ከጄሶ የተሠራ ምትክ ይቀመጥበታል፤ ይጋገራል፣ ይፈገፈጋል፣ ይጠቁራል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፤ ድንጋዩ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ በደረቅ እጅ ነው። የእኔ ድንጋይ ከአንዲት ምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ አቃፊውን በላይዋ ላይ ጎንበስ ለማድረግ አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል።

የማይሆነውን አይሆንም ማለታቸውም አመኔታዬን ጨምሮታል። የተጋገረ ጭቃ በውስጡ እጅግ ጥቃቅን ክፍተት ስላለው ተቀጥቅጦና ተስቦ እንደተሠራ ብር አይጠነክርም። ለጉትቻ፣ ለአንገት ጌጥና ወፈር ላለ ቀለበት ጥሩ ነው፤ ለቀጭን አምባርና ለድሪ ሰንሰለት ግን አይመከርም። ድሪ መሥራት የጠየቀችውን ተማሪ ገንዘብ ሳይቀበሉ፣ የብር ሽቦ የሚስቡ አንድ አረጋዊ አንጥረኛ ዘንድ ልከዋታል።

ጉድለቶቹን በግልጽ ላስቀምጥ። ምድጃው አንድ ስለሆነ ስድስት ሰው ተራ ይጠብቃል፤ በአምስተኛው ቅዳሜ ሙቀቱ 800 ሊደርስ ሲል መብራት ጠፋና ቀኑ ባከነ። ሥራዎቹ በሳምንቱ እንደገና ተጋግረው ደህና ወጥተዋል፤ ነገር ግን ለባከነው ቀን ምትክ አልተያዘልንም፤ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ለምንመጣ ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም። ስንሞርድ ለሚነሣው ዱቄት የአፍ መሸፈኛ የተሰጠን ከጠየቅን በኋላ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግዴታ መሆን ይገባዋል። ሙቀትና ደቂቃ የተጻፈበት አንዲት ወረቀት ብትታደል ደግሞ ተማሪው ቤቱ ሲደርስ አይደናገርም ነበር። የጭቃው ዋጋ ከሥልጠናው ክፍያ ተለይቶ በግራም እንደሚታሰብም በምዝገባ ቀን ሊነገረን ይገባ ነበር፤ ጭቃው ከውጭ የሚገባው በመንገደኛ እጅ ሲሆን፣ ግራሙ ከተራ ብር ግራም በእጅጉ ይወደዳል። እንደ እኔ ለንግድ የሚያስብ ሰው ጌጡን በክብደት ሳይሆን በእጅ ሥራው ለመሸጥ ካልተዘጋጀ ይከስራል።

ይህን ሁሉ አመዛዝኜ የከፈልኩት ገንዘብና የወጣሁት ዳገት አላስቆጨኝም። ከአንጥረኛ ቤተሰብ ያልተወለደ ሰው በስድስት ቅዳሜ ውስጥ የራሱን ብር በራሱ እሳት የሚያወጣበት ሌላ ቦታ እኔ በአካባቢያችን አላየሁም። የሚቀጥለው ዙር ከጥምቀት በኋላ ይጀምራል፤ ከስድስት ሰው በላይ ስለማይቀበሉ ቀደም ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሲሄዱ ጥፍርዎን ያሳጥሩ፣ የጣት ቀለበትዎን ያውልቁ፣ ቤት ውስጥ የተተረተረ አሮጌ ስፌት ካለም ሳይጥሉ ቁራጩን ይዘው ይሂዱ።